ለአስካለ እጅ ቡላ ፍለጋ

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ በኅዳር ካፖርቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ላብ እየጠረገ የሚሄድ መንገደኛ ቢያይ አብዷል ይላል። እኔ በዚህ ኅዳር እንደዚያ ሆኜ ሰንብቻለሁ። ጅማ ሄጄ ተመለስኩ። ጎረቤቶቼና የመድኃኒት ቤቴ ደንበኞች “እንዴት ነበር?” ሲሉኝ ባጭሩ መመለስ ስላቃተኝ ጻፍኩት። አብዛኞቹ ጅማን እንደማያዩዋት አውቃለሁ። እኔም ባለቤቴ ባትታመም ኖሮ አላያትም ነበር።

ባለቤቴ አስካለ የአራተኛ ክፍል መምህርት ናት። ሁለቱንም እጆቿን ችፌ ከያዛቸው ሰነባብቷል። የአገራችን ደረቅ ነፋስ አንድ ጠላት ነው፣ የጠመኔ ብናኝ ሌላ። ሁለቱ ሲተባበሩ መዳፏ ይሰነጠቃል፣ ይደማል። ሐኪም ያዘዘላት ቅባት ከውጭ የሚመጣ ነበርና ጠፋ። እኔ ደግሞ ሥራዬ መድኃኒት መቀመም ነው፤ ዋናውን መድኃኒት አፈላልጌ አገኘሁት፤ ያጣሁት ማወፈሪያውን ነው። ለማያውቀው ላስረዳ፦ መድኃኒት በውሃ ብቻ ቢበጠበጥ እጅ ላይ አይቆይም፣ ይፈሳል። ቆዳ ላይ ተኝቶ ሌሊቱን እንዲሠራ አወፍሮ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። እኛ የለመድነው ማወፈሪያ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠራ ነጭ ዱቄት ነው። የሚመጣው በመርከብ ነው፣ መርከቡም የሚመጣው ዶላር ሲገኝ ነው፤ የቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ያልሞከርኩት የለም። ተልባ ዘፍዝፌ ዝልግልጉን ወሰድኩ፤ ወፈረልኝ ብዬ ስደሰት እንደ ንፍጥ እየተጎተተ አስቸገረኝ፣ ሳይሰነብትም ሸተተ። እሬት ሞከርኩ፣ ቀጠነ። አስካለ ያን ሁሉ እየተቀባች አንድም ቀን አልተቆጣችም፤ “የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም” እያለች ትስቅብኛለች እንጂ። ርዕሰ መምህሩ ግን ክፍሉን ትታ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ እንድትዛወር ሐሳብ አቅርቦላታል፤ የሕመም ፈቃድ ሰጥቷት መልሷን እስከ ገና ይጠብቃል። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ አዝኖላት ነው። የዚህ ነገር ወሬ ሲነሳ ግን አስካለ አትስቅም። ማታ እጇን በፌስታል ጠቅልላ ስትተኛ አያለሁ፣ ልቤ ይደማል።

አብሮኝ የተማረው ነጂብ ጅማ ላይ መድኃኒት ቤት አለው። ደውዬ ብሶቴን ስነግረው ሳቀብኝ። እንሰት አገር ወዳጅ እያለህ እንዴት በማወፈሪያ ትቸገራለህ፣ ቡላ ምን ሊሆን ነው አለኝ። ቡላ እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ ከጭማቂው ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ነው፤ የገንፎውን ስም ሁላችሁም ሰምታችኋል። ውሃ ውስጥ ቀስ ተብሎ ሲሞቅ ይጠራል፣ ይቆማል። አንዱ እንሰት ሲነቀል ሌላው ይተከላል፤ መርከብ አይጠብቅም። መድኃኒት ቤቴን ለረዳቴ ትቼ ተነሳሁ።

ሰኞ፣ መንገድ

እሑድ አዲስ አበባ አድሬ ሰኞ ንጋት ላይ የጅማ አውቶቡስ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ካፖርቴን አገላብጠው አዩና ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ጅማ ስላቸው “ለማን ልትሸጠው?” አሉኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ካፖርቴ የአውቶቡሱ ሁሉ መሳቂያ ሆነ።

እስከ ወሊሶ አገሩ የኛን ይመስላል፤ የጤፍ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮ ቤት። ወልቂጤ ሲቃረብ እንሰቱ በየደጁ ቆሞ ይታያል። የኛ አገር ሰው ሙዝ ነው ብሎ ይምላል፤ እኔም ብያለሁ። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁና ሙዝ ፍሬውን ይሰጣል፣ ይሄ ግን ራሱን ነው የሚሰጠው አሉኝ። ጊቤ ቆላ ስንወርድ ካፖርቴ ጭኔ ላይ እንደ ታመመ በግ ተጋደመ። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ አየሩ መለስ አለልን፣ አረንጓዴውም ጀመረ። እኛ አገር በኅዳር ሣሩ ወርቅ ይመስላል፤ እዚያ ክረምቱ ገና ያልሄደ ይመስል ነበር።

አሰንዳቦ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ ዙሪያውን አየና “በሉ ሻይ ጠጡ” ብሎ ፈረደብን። ትርፍ ጎማው ራሱ መጠገን የሚያስፈልገው ኖሯል። አንድ ባለ ሱቅ ከውስጥ አግዳሚ አውጥተው አስቀመጡኝ። ሻይ በወተት መጣልኝ፤ ጾም ነው ብዬ ስመልስ ሰውየው የተቀየሙ መሰለኝ። ቆየት ብለው ግን በቀጭን ሻይና በተጠበሰ በቆሎ ተመለሱ። ዝናብ ሲመጣ መንገደኛውን በሙሉ ሱቃቸው ውስጥ አስገቡት፤ ከስኳርና ከሳሙና ካርቶን መሀል ተጠጋግተን ቆምን። በዚህ አገር እጁ የተሰነጠቀ ሰው ምን ይቀባል ብዬ ጠየቅኋቸው። ቅቤና ማር አሉኝ። የኛም ሰው ቅቤ ነው የሚለው። ከመድኃኒት በፊት ሁላችንም ዘመዳሞች ነን ማለት ነው።

ጅማ የገባነው ሲመሻሽ ነው። ነጂብ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ሳቁ ግን ያው ነው። አቅፎኝ ሲያበቃ ካፖርቱን ተቀበለኝና “ወላሂ፣ ይሄን ለብሰህ የምትሞቅበት አገር ይቅርብኝ” አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጅማ

ነጂብ የሚኖረው አወቱ መንደራ የሚባል ሰፈር ነው። ባለቤቱ ከሪማ ስለ ጾሜ አስቀድማ ሰምታ ኖሮ ሥጋም ቅቤም ያልነካው አዲስ ድስት ገዝታ ጠበቀችኝ። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ነጂብ ነው። እኔ ሽሮውን እየበላሁ ድስቱን ሳይ አፈርኩ፣ ደስም አለኝ። እኛ ቤት ነጂብ ቢመጣ ይህን የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አስካለ ታስብ ነበር፤ እኔ እንጃ።

ቁርስ ፉል በዘይት በልተን ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄድን። ነጂብ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገር አንዱን ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሰዋል፤ ምርቃቱ በአረብኛ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ ቋንቋ የምጨርሰውን ምክር እሱ በሦስት ይሰጣል፣ ወረፋውም አይረዝምም።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ዳር ወዳለ ቡና ማጠቢያ ወሰደኝ። ቀዩ ቡና ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ ያድራል፤ ፍሬውን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ሲላላ በውሃ ታጥቦ ይጣላል። እጄን ነክሬ በጣቶቼ መሀል ስፈትለው ልቤ ዘለለ። ይህ ሁሉ ማወፈሪያ በቦይ ይፈሳል! ነጂብ ሞክሮት እንደማያውቅ ነገረኝ፤ እኔ ግን ስስት ያዘኝና በላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ሞልቼ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ማደሪያ ክፍሌ ውስጥ ከካፖርቴ ሥር አስቀመጥኩት።

ረቡዕ፣ ሰቃ

የነጂብ አክስት አዴ ሰፊያ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሰቃ ይኖራሉ። “አዴ” እኛ “ወይዘሮ” እንደምንለው ነው። ባለቤታቸው አባ ረሻድ ይባላሉ፤ በዚያ አገር ሰው በበኩር ልጁ ስም ሲጠራ ክብር ነው። ግቢያቸው ከፊት ቡና፣ ከኋላ እንሰት ነው። አዴ ሰፊያ ቁመታቸው አጠር፣ ድምፃቸው ወፈር ያለ ነው። በር ላይ ተቀብለው “በገ ነጋን ዱፍተን” አሉን፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ ማለታቸው ነው። አማርኛ ይችላሉ፤ ብዙ የሚናገሩት ነገር ሲኖራቸው ግን ወደ ኦሮምኛቸው ይገባሉ።

ነጂብ የመጣሁበትን ጉዳይ በኦሮምኛ አስረዳቸው። እኔ የገባኝ ጥቂት ነው። እሳቸው እያዘኑ ወደ እኔ ያያሉ፣ “አላህ ያሽራት” ይላሉ። እኔም በአማርኛ ቡላው አዲስ መሆን እንዳለበት፣ ጉድጓድ ገብቶ የኮመጠጠው እንደማይሆን ደጋግሜ ነገርኳቸው። “ኤዬ፣ ገብቶኛል” አሉኝ። ወዲያው ትልቅ እንሰት አስቆረጡ። ጎረቤት ሴቶች መፋቂያቸውን ይዘው መጡ።

እኔም ካሜራዬን አዘጋጅቼ ተነሳሁ። ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ይህን ለማየት ነው። አባ ረሻድ እጄን ያዙኝ። ሌላው ቤት እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ በአዴ ሰፊያ ግቢ ግን እንሰት ሲፋቅ ወንድ አይቀርብም። ሴቶቹ እግራቸውን ገልጠው፣ እንደልባቸው እየተቀላለዱ ይሠሩታል፤ ወንድ ካየው ቡላው አያምርም ይባላል። ነጂብ ሳይነግረኝ የቀረው እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ነው፤ ዝናብ ያረጥባል ብሎ የሚናገር ሰው የለም።

ስለዚህ ሦስታችን ወንዶች ከቤቱ ማዶ አቮካዶ ሥር ተቀመጥን። የሚሰማን የፍቂያው ድምፅና ሳቅ ብቻ ነበር። ጭማቂው ስንት ጊዜ ይጠለላል ብዬ ጠየቅሁ፤ ነጂብ ጮክ ብሎ ወደ ጓሮ አስተላለፈልኝ። መልሱ ረጅም ሳቅ ሆኖ ተመለሰ። ነጂብ ሊተረጉምልኝ ፈቃደኛ አልሆነም። የኛ አገር ጠላ ጠማቂዎች እንኳ እንዲህ አያርቁንም፤ ቢያንስ ቅመሱ ይሉናል።

ማታ ቆጮ በጎመን በዘይት ቀረበልን። ቆጮ እንደኛ ድፎ ዳቦ አይለሰልስም፤ ታኝከዋለህ፣ እሱም ያኝክሃል። ከገብስ ቂጣችን ጋር ግን ዝምድና አለው፤ የጠገበ ሰው ረጅም መንገድ ይሄድበታል። ባልና ሚስቱ የራሳቸውን አልጋ ለእኔ ለቀው ሌላ ክፍል አደሩ። እምቢ ብዬ ነበር፤ አባ ረሻድ የሰሙኝም አይመስሉም።

ሐሙስ፣ ሁለት ኮምጣጣ

ጠዋት አዴ ሰፊያ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ በእንሰት ቃጫ የታሰረ ከባድ ጥቅል አስታቀፉኝ። ሲሰጡኝ ፊታቸው ያበራ ነበር። መርቀው ሸኙን።

ጅማ ደርሰን ግቢው ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት ካፖርቴን ነው። ገመድ ላይ ተሰቅሎ ውሃ ያንጠባጥባል። ያ የቡና ዝልግልግ ሌሊት ላስቲኩ ውስጥ ፈልቶ ክዳኑን ወርውሮት ኖሯል። ከሪማ ካፖርቱን ከነሽታው አውጥታ፣ አጥባ፣ ክፍሉንም አጽድታለች። ይቅርታ ስጠይቃት ሳቋን መያዝ አልቻለችም። የደብረ ብርሃን ካፖርት ጅማ ላይ እስኪደርቅ ስንት ፀሐይ እንደሚፈልግ አትጠይቁኝ።

እሱን ትተን በመድኃኒት ቤቱ ጓዳ ጥቅሉን ፈታነው። ቡላው እንደ አይብ ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ ያማረ ነው። ሽታው ግን አፍንጫዬን መታው። ኮምጣጣ ነው። ነጂብ የአሲድ መለኪያ ወረቀት ነከረበት፣ ወረቀቱ ቀላ። ጣቴ ላይ ትንሽ ጭረት ነበረችኝ፤ እሷ ላይ ቀባሁት። እንደ ሎሚ አቃጠለኝ። አስካለ ይህን በዚያ በተሰነጠቀ መዳፏ ላይ ብትቀባው ምን እንደምትሆን አሰብኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የያዝኳቸው ሁለት ተስፋዎች በአንድ ቀን ኮምጥጠው አደሩ።

ነጂብ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ነገረኝ። ለአክስቱ “ለታመመች ሚስቱ መድኃኒት የሚሆን” ነው ያላቸው። እጅ ላይ እንደሚቀባ አልነገራቸውም። የሚበላ ነገር ገላ ላይ ይለቀለቃል ብሎ ለእንደሳቸው ያለ ትልቅ ሰው መንገር ነውር መስሎ ታየው። እሳቸው ደግሞ ቡላ ለታመመች ሴት ሲባል የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገንፎ። ለገንፎ የሚሆነው በጉድጓድ የሰነበተው፣ የበሰለው ነው። እንግዳው አዲስ አዲስ ሲል ይሉኝታ ይዞት ነው፣ ውዱን ላለመጠየቅ ነው ብለው ደመደሙ። አዲሱን ለራሳቸው አስቀርተው ያላቸውን ምርጥ ሰጡኝ።

ሁለት ደግ ሰዎች አንድ ላይ ሆነው ጉድ አደረጉኝ። ማንን እቆጣለሁ?

ዓርብ፣ ተመልሶ ሰቃ

ነጂብ ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ ተነሳን። የተሰጠን ስጦታ አልሆነኝም ብሎ መመለስ በኛም አገር በነሱም አገር ያው ነውር ነው። ጥቅሉን ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ፤ ልመልሰው ይሁን ልደብቀው አልወሰንኩም።

አዴ ሰፊያ ሲያዩን ደነገጡ። መጀመሪያ የጠየቁት አስካለን ነው፣ ባሰባት ወይ ብለው። ነጂብ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ነገራቸው። በዚህ ጊዜ ቋንቋ አላስፈለገኝም፣ ፊታቸውን አየሁት። ሲቆጡ ወደ እሱ፣ ሲያዝኑ ወደ እኔ ይዞራሉ። በመጨረሻ በአማርኛ ተናገሩኝ።

“ልጄ፣ ጥሬውን ለታመመች ሴት ልላክ? ያ የሰጠሁህ የረሻድ ሚስት ስትወልድ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። ከሱ የሚበልጥ የለኝም።”

አንገቴን ምን ላድርገው። ለወላድ የተቀመጠ ቡላ ይዤ ሄጄ፣ ሸተተኝ ብዬ ተመለስኩ። ጥቅሉን በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። “እጇን ልየው” አሉኝ ብቻ።

ፎቶ አልነበረኝም። አስካለ እጇን ፎቶ አታስነሳም፤ ሰው ፊት እንኳ ነጠላዋ ሥር ትሸሽገዋለች። ስለዚህ በቪዲዮ ደወልኩ። ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ ቆይቶ ፊቷ ታየ። ነገሩን በችኮላ አስረድቼ ስልኩን ለአዴ ሰፊያ ሰጠሁ። ሰላምታው ረዘመ። ከዚያ አስካለ ትንሽ አመነታችና ሁለቱንም መዳፎቿን አወጣች።

አዴ ሰፊያ የአገሩ ሰው እንደሚያደርገው “ቢስሚላህ” ሲሉ ሰማኋቸው። ቀስ ብለው የራሳቸውን እጅ ወደ ስልኩ አዙረው አሳዩዋት። መዳፋቸው በእንሰት ጭማቂ ጠቁሯል፣ በመፋቂያ ብዛት ደንድኗል፣ አንዱ ጣታቸው አልታጠፍ ብሏል። እኔ ያንን እጅ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ ሲያቀርብልኝ አይቼው አላየሁትም ነበር። ሁለቱ ሴቶች እጃቸውን እንደዘረጉ ትንሽ ተያዩ።

“ጥሬ ነው የሚፈልገው እጅሽ?” አሏት።

“አዎ እናቴ። የኮመጠጠው ያቃጥለኛል” አለች አስካለ።

“ሂን ታኡ! አይሆንም፣ እንዲህ ሆኖ አይቀርም” አሉና ተነሱ። ወደ ጓሮ ተጣሩ፣ ሴቶቹን አሰባሰቡ። የረቡዑ ጉድጓድ ገብቶ ነበርና ሌላ እንሰት ሊያስቆርጡ መሆኑ ሲገባኝ ተዉ ብዬ ለመንኳቸው፣ እንሰት ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አባ ረሻድ ነግረውኛልና። የሰማኝ የለም። እንዲያውም አዴ ሰፊያ ስልኬን አልመለሱልኝም። ከነአስካለ ይዘውት ወደ እንሰቱ ገቡ። ሴት ናታ፤ እሷን የሚከለክላት የለም።

ወንዶቹ አቮካዶአችን ሥር ተመለስን። ፍቂያው ተጀመረ። በየመሀሉ የአስካለ ድምፅ ከጓሮ ይመጣል፤ ትጠይቃለች፣ ይመልሱላታል፣ አንዷ ያለችው ሳይሰማት ሲቀር ሌላዋ ትደግምላታለች። ትንሽ ቆይቶ ከስልኩ ውስጥ ሳቋ ፈነዳ። ምን እንዳሏት እስካሁን አልነገረችኝም። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቼ ስለነበር ፊቴን ወደ ቡናው አዞርኩ። ሁለት ቀን ተጉዤ ሳላየው የቀረሁትን ነገር ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች።

አባ ረሻድ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። “እኔም ከተጋባን ጀምሮ አላየሁትም” አሉኝ፤ “ቆጮውን ግን በልቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።”

ቅዳሜና እሑድ፣ ፀሐይ

ጭማቂው ሌሊቱን ዘቅጦ አደረ። ጠዋት ላይ ላዩን ደፍተው ሥሩን ነጩን ሰጡኝ። ሽታው የታጠበ ድንች ዓይነት ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። የወላዷን ቡላ ደግሜ ልመልስ ሞከርኩ። አዴ ሰፊያ ገፉት። “የተሰጠ አይመለስም። ያኛው ለሆዷ፣ ይሄኛው ለእጇ” አሉኝ። ለረሻድ ሚስት ሌላ ይደርሳል፣ ገና ወሯ አልገባም ብለውም አጽናኑኝ። ስለ ዋጋ ሳነሳ አባ ረሻድ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

ጅማ ገብተን ወዲያው ሥራ ጀመርን። በተጣራ ውሃ እየበጠበጥን፣ እያዘቀጥን፣ ላዩን እየደፋን ደጋግመን አጠብነው። ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ የነገረችኝ አስካለ ናት፤ ከሴቶቹ ተምራ በስልክ ታዘኛለች። ከዚያ በንጹሕ ትሪ ላይ አስጥተን በሻሽ ሸፍነን ነጂብ ቤት ጣራ ላይ አወጣነው። ከጎኑ ካፖርቴም ተዘርግቷል። አንድ ጎረቤት ሁለቱን አይቶ ነጂብን ምን ንግድ እንደጀመረ ጠየቀው።

እሑድ ከሰዓት ዱቄቱ ደረቀ። ትንሽ ወስደን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን ዝግ ባለ እሳት እያማሰልን አሞቅነው። መጀመሪያ ወተት ይመስላል፣ ከዚያ ድንገት ይጠራል፣ ማንኪያው ይከብዳል። ነጂብ ማንኪያውን ገለበጠው። አልወደቀም። የመለኪያው ወረቀትም ቀለሙን አልቀየረም፤ ጣቴ ላይ ያለችው ጭረትም ዝም አለች። ሁለታችን ሽማግሌዎች እንደ ተማሪ ጨበጥ ጨበጥ ተባባልን። ከሪማ ገብታ አየችና “ገንፎ ልትሠሩ ነው?” አለች።

ሰኞ፣ መመለስ

ነጂብ መናኸሪያ አደረሰኝ። ከሪማ ለመንገድ ዳቦ፣ ለአስካለ ደግሞ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ሰጠችኝ፤ ቅቤው ከጾም በኋላ ይበላ አለች፣ እኔ ጾሙን ረስቼው ሳለ። ካፖርቴ ክንዱ አካባቢ አሁንም እርጥብ ነበር። አሰንዳቦ ላይ በመስኮት ባለ ሱቁን ፈለግሁ፤ ጀርባቸውን አየሁ፣ እጄን አነሳሁ፣ አላዩኝም። አዲስ አበባ አድሬ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ስገባ ብርዱ እንደ ዘመድ አቀፈኝ። አስካለ በር ላይ ስትቀበለኝ ከእኔ በፊት የጠየቀችው አዴ ሰፊያን ነው።

ቅባቱን ሠራሁት። መድኃኒቱን፣ ግሊሰሪኑን፣ እንዳይበላሽ የሚያደርገውንም ጨመርኩ። የቡላ ቅባት እንደ ፋብሪካው አይሰነብትም፣ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ መሥራት ያስፈልጋል። ዕድሜ ልኬን የረገምኩት የአገሬ ብርድ ግን እዚህ ላይ ረዳኝ፤ መደርደሪያዬ ራሱ ፍሪጅ ነው። ተአምር ሆነ ብዬ አላታልላችሁም። ችፌ እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ በሽታ አይደለም። ግን መድኃኒቱ እጇ ላይ ይቆያል፣ አያቃጥላትም። መጀመሪያ መድማቱ ቆመ፣ ከዚያ ማሳከኩ ቀነሰ፣ ስንጥቁም ከዳር ከዳር እየገጠመ መጣ። አንድ ማታ ፌስታሉን ሳትጠቀልል ተኛች።

ስለ ርዕሰ መምህሩ አላነሳሁባትም። ገና እየቀረበ ነበር፤ ውሳኔው ግን የሷ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ቤት የለችም። ገበያ ሄዳለች ብዬ ሥራዬ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ መድኃኒት ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አስካለ ገባች። ወረፋ ያዘች፣ እንደ ማንም ሰው። ተራዋ ሲደርስ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ ሁለቱንም እጆቿን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችልኝ። ሰው ሁሉ ያያል፣ ግድም አልነበራት። ከጣቶቿ ጫፍ እስከ አንጓዋ ጠመኔ ነው።

“ጨምርልኝ” አለችኝ። “ነገም ክፍለ ጊዜ አለኝ።”